መንፊያው ማን ጋ ነው?

በ1986 ዓ.ም. በጥቅምት ወር እኔና አንድ ባልንጀራዬ ከባሕር ዳር ጎንደር በሳይክል እንሄዳለን ብለን ተነሣን። የባልንጀራዬን ስም አልጠራም፤ በሕይወት ያለ፣ ጋዜጣ የሚያነብ፣ በዚያ ላይ ቶሎ የሚቀየም ሰው ነው። ሁለታችንም ሃያ አምስት ያልሞላን መምህራን ነበርን። ነገሩ የተጠነሰሰው፣ እንደ ብዙው የጀግንነት ሥራ፣ ጠላ ቤት ነው። አንደኛችን «ጎንደር እኮ ሩቅ አይደለም» አለ። ሌላኛችን «ታዲያ ምን ይዞናል?» አለ። በማግሥቱ ሞቅታው ሲበርድ እኔ እሱ ቃሉን እስኪያጥፍ ጠበቅሁ፤ ለካ እሱም እኔን ይጠብቅ ኖሯል። ማንም ሳያጥፍ ቀረና ሄድን።

መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያኔ አስፋልት አልነበረውም፤ ጠጠርና ኮረኮንች ነው። ሳይክሎቻችን ማርሽ የሚባል ነገር የማያውቁ የቻይና ፎኒክሶች ነበሩ፤ ባዷቸውን ተሸክሞ ደረጃ ለሚወጣ ሰው እንኳ ወገብ ይፈትናሉ። ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። ለክፉ ቀን ደግሞ አንድ የጎማ መንፊያ፣ አንድ ማስቲሽና ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጡ መለጠፊያዎች በአንዲት የሸራ ከረጢት ከተትንና ባልንጀራዬ ሳይክል የኋላ መጫኛ ላይ አሰርናት። ይቺን ከረጢት አደራ ያዙልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ደስ የሚል ነበር፤ ቢያንስ ለእኔ። ዓባይን ተሻግረን፣ ሐሙሲትን አልፈን፣ ወደ ወረታ ስንቃረብ የፎገራ ሜዳ ተዘረጋልን። ኑጉ አብቦ አገሩ ሁሉ ቢጫ ለብሷል። ከጣና በኩል ንፋስ ይነፍሳል። እኔ ትከሻዬ የሰፋ፣ አጥንቴ የከበደ ሰው ነኝ፤ ሜዳ ላይ አንዴ ከተንደረደርኩ የሚያቆመኝ የለም። እየዘፈንኩ አዲስ ዘመን ገባሁ። እዚያ አደርን።

በማግሥቱ ዳገቱ መጣ። ባልንጀራዬ ቀጭን ነው፤ ንፋስ ቢመጣ ይዞት የሚሄድ ዓይነት። ዳገቱን ሲያይ ከኮርቻው ብድግ አለና እንደ ፍየል ሽቅብ ተወነጨፈ። አንድ ሁለቴ ጀርባው ታየኝ፤ ከዚያ መታጠፊያው ዋጠው። እኔ እያለከለክሁ ስከተል ጥቂት እንደሄድኩ የፊት ጎማዬ «ፊሽሽ…» አለ። ወረድኩ። መንፊያው የት ነው? እሱ ጋ። ማስቲሹስ? እሱ ጋ። ተጣራሁ። ገደሉ መልሶ የኔኑ ድምፅ ሰጠኝ። ሳይክሌን እየገፋሁ ሁለት ሰዓት ያህል ሽቅብ ወጣሁ። አናቱ ላይ ስደርስ ባልንጀራዬ ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ዳቦ ቆሎው አልቋል። ከረጢቷን ከነመንፊያዋ ተንተርሶ ያንኮራፋል።

የተናገርኩትን ጋዜጣ ላይ መጻፍ አይቻልም። እሱ ዓይኑን እያሸ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ «ዳገት ላይ መጠበቅ አልችልም፤ እግሬ ይሞትብኛል።» እስከ ጎንደር ቃል ሳንለዋወጥ ሄድን። ከጎንደር ሳይክሎቻችንን በየፊናችን አውቶቡስ ላይ ጭነን ተመለስን። በዓመቱ እሱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ጓደኝነቱ በዚያው አበቃ። በአንድ የተበሳ ጎማ!

*

ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ የፈረንሳይዋን ጸሐፊ የሲሞን ደ ቦቯርን የሕይወት ታሪክ እያነበብኩ ሳለ ያ የአዲስ ዘመን ዳገት እንደገና ፊቴ ተደቀነ። እ.ኤ.አ. በ1960 በታተመው ሁለተኛው የትዝታ መጽሐፏ ውስጥ ከዣን ፖል ሳርትር ጋር በሳይክል ስለተጓዙት ጉዞ ትተርካለች። የክፍሌ ተማሪዎች ስለ ሕልውናዊነት ፍልስፍና እንድነግራቸው ሲጠብቁ፣ እኔ ስለ ሳይክል ሳወራላቸው አንድ ክፍለ ጊዜ አለቀ። ዛሬም ያው ልማዴ አልለቀቀኝም፤ እናንተም ታገሡኝ።

ሁለቱ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። በዚያ ዓመት በፈረንሳይ ብርቱ በነበረው የፍልስፍና መምህራን ብሔራዊ ውድድር ሳርትር አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ ወጡ። ሳይጋቡ፣ አንድ ቤት ሳይኖሩ፣ ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1980 እስኪሞት ሃምሳ ዓመት ተወዳጁ። ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ ይህን ሁሉ ዘመን እርስ በርሳቸው «አንቱ» ይባባሉ ነበር። በዚህ በኩል የጎንደር ባላባት ባልና ሚስት ይመስላሉ። በሌላው በኩል ግን አርአያ አድርጌ ላቀርባቸው አልሻም። በውላቸው መሐል የገቡ ሌሎች ሰዎች፣ አንዳንዶቹም የእሷ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ብዙ ተጎድተዋል። እኔን ዛሬ የሚያስፈልገኝ ሳይክላቸው ነው።

ሁለቱ መንገደኞች በምንም አይመሳሰሉም። እሷ ተጓዥ ናት። እ.ኤ.አ. በ1931 ማርሴይ ተመድባ ስታስተምር በዕረፍት ቀኗ ሁሉ የገመድ ነጠላ ጫማ ተጫምታ፣ ዳቦና ሙዝ በቅርጫት ይዛ፣ ብቻዋን ተራራ ለተራራ እስከ 40 ኪሎ ሜትር ትጓዝ ነበር። ለጉዞ ዕቅድ ታወጣለች፤ የሚታየው ሁሉ መታየት አለበት፤ ዕቅዱ ከተነካ ትቆጣለች። ሳርትር ደግሞ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም ያልዘለለ፣ ቀኝ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ማየት ያቆመ ያህል የደከመ፣ ቡና ቤት ቢቀመጥ የሚመርጥ ሰው ነው። ዛፍና ሣር አይወድም። በእግር ጉዞ እሷ ከፊት፣ እሱ እያጉረመረመ ከኋላ ነው።

ሳይክል ላይ ሲወጡ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሳርትር ሳይክል ወደደ። የእግር መንገድ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይሰለቸዋል፤ ሳይክል ግን ጉልበቱንም ፍጥነቱንም በየደቂቃው ይለዋውጥለታል። እሷ እንደምትነግረን ዳገት ሲመጣ ሳርትር እሽቅድምድም ያምረዋል፤ እየተወነጨፈ ይወጣና እሷን እያለከለከች ከሩቅ ጥሏት ይሄዳል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለሆነ ፔዳሉን በግድየለሽነት ሲረግጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ከመንገድ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ገብቷል። ቁልቁለቱን ሁለቱም ይወዱታል። እንግዲህ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ ፈላስፋ ሳይክል ላይ እንዲህ ነበር፤ ዳገት ላይ ባልንጀራዬን፣ ሜዳ ላይ ማንንም የማይመስል።

*

ወደ ዋናው ጉዞ ልምጣ። ዘመኑ ክፉ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1940 ፈረንሳይ በጀርመን ተሸነፈች፤ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። ሰሜኑንና የአትላንቲክን ጠረፍ ጀርመን ያዘ፤ ደቡቡን የቪሺ መንግሥት ያዘ። በመካከል መለያ መስመር ተበጀ፤ ያለ ጀርመን ፈቃድ መሻገር ያስቀጣል። ሳርትር በዚያው ሰኔ ተማርኮ ጀርመን አገር በምርኮኞች ካምፕ ቆይቶ በ1941 መጋቢት መጨረሻ ተለቅቆ ፓሪስ ገባ። እሷ ደግሞ ሳይክል መንዳት የተማረችው እሱ ምርኮኛ በነበረበት ጊዜ፣ በ32 ዓመቷ ነው። ነዳጅ በጠፋበት ከተማ ሳይክል ብቸኛው ነፃነት ነበር።

ሳርትር እንደተመለሰ ከጓደኞቹ ጋር «ሶሻሊዝምና ነፃነት» የሚባል ትንሽ የኅቡዕ ቡድን አቋቋመ። ፈላስፋው ሜርሎ ፖንቲም ነበረበት። በራሪ ወረቀት ይጽፋሉ፣ ያባዛሉ፣ ይበትናሉ። እኛ ጋ «የውስጥ አርበኛ» የምንለው ዓይነት መሆናቸው ነው፤ ወይም መሆን የፈለጉት። የዘመኑን ግጥምጥም ተመልከቱ፤ ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡት በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። እኛ ከአምስት ዓመት ወረራ ስንወጣ እነሱ የመጀመሪያ ዓመታቸውን ሊጨርሱ ተቃርበዋል። እነዚህ ሁለት መምህራን በዚያ ክረምት ሳይክል ሲነዱ የኔና የባልንጀራዬ መድረሻ ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች፤ የተለቀቀችው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው።

ክረምት ሲገባ ሳርትር ወደ ደቡብ ወርዶ ታላላቅ ጸሐፊዎችን ከቡድኑ ጋር ሊያስተባብር አሰበ። ዕቃ መላክ አልተከለከለምና ሳይክሎቻቸውን አስቀድመው ወደ ሮዋን ከተማ ላኩ። እነሱ በባቡር ሞንሶ ሌ ሚን ድረስ ሄደው፣ በገንዘብ የምታሻግር አንዲት ሴት በሌሊት በማሳ በጫካ አድርጋ መስመሩን አሻገረቻቸው። ሮዋን ላይ ሳይክላቸውን ተቀብለው ጉዞ ጀመሩ።

ብዙም ሳይርቁ የሳርትር ጎማ ተነፈሰ። ጦርነት ነው፤ አዲስ ጎማ የለም፤ ያለው በመለጠፊያ ላይ መለጠፊያ የተደረበበት ነው። ሁለት የፍልስፍና መምህራን ጎማውን ከበው ቆሙ። ማናቸውም መለጠፍ አይችሉም! ስለ መኖርና ስላለመኖር የሚያውቁት ስለ ካላማዳሪያ አያውቁም። እንደ ዕድል አንድ መካኒክ ተገኘና ጎማ ማውለቁንም መለጠፉንም አስተማራት። አዎ፣ ለእሷ ነው ያስተማራት። እኔ ይህን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ዳገት ላይ ኋላ የምትቀረው ሴት የጎማውን ሙያ ይዛለች። የእኔና የባልንጀራዬ ጉዞ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ የሚመስለው ይህንን ነው።

በድንኳን እያደሩ ወደ ደቡብ ወረዱ። ማርሴይ ላይ ያገኙት የሶሻሊስት ሰው ብዙ ተስፋ አልሰጣቸውም። ግራስ ላይ ሳርትር ሰባ ዓመት ያለፈውን አንድሬ ዢድን አገኘው፤ ከሽማግሌው የተጨበጠ ነገር አላገኘም። ሴን ዣን ካፕ ፌራ ላይ አንድሬ ማልሮ ባማረ ቪላ ምሳ ጋበዛቸው። ማልሮ እ.ኤ.አ. በ1934 የንግሥተ ሳባን ከተማ አገኛለሁ ብሎ በአውሮፕላን የየመንን በረሃ ያሰሰ ሰው ነው። ሳርትርን በጨዋነት አዳመጠውና ለጊዜው ምንም ዓይነት እንቅስቃሴ ፍሬ የለውም፤ ጦርነቱን የሚያሸንፉት የሩሲያ ታንኮችና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ናቸው ብሎ አሰናበተው። እሱ ራሱ ጠብመንጃ ያነሣው በ1944 ነው። እንግዲህ ሳርትር እዚህም ዳገት ላይ እየተወነጨፈ ነበር፤ ሌሎቹ ሜዳው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ዓመቱ ሳያልቅ ቡድኑ ፈረሰ። ሳርትር ወደ ብዕሩ ተመለሰና «ዝንቦቹ» የተባለውን ተውኔት ጻፈ፤ በ1943 ፓሪስ ላይ ታየ። ተውኔቱ የጀርመንን ሳንሱር አልፎ መታየቱን እያነሡ የሚወቅሱት አሉ። ያ የራሱ ክርክር አለው።

ከማልሮ ቤት ወጥተው አልፕስን በሳይክል ተያያዙት። ኮል ዳሎስ የሚባለውን ከፍታ ወጥተው፣ ምሳ በልተው፣ ነጭ ወይን ጠጥተው ቁልቁል ለቀቁት። ሳርትር ጥቂት ሜትር ፊት ፊት ነው። እሷ ፀሐዩም ወይኑም ራሷ ላይ ወጥቷል። ድንገት ሁለት ሳይክለኞች ሽቅብ መጡባት። እሷ በወዲህ ስትል እነሱም በወዲህ፤ ፍሬኗ ደካማ ነው፤ ጠጠር ላይ ተንሸራታ ከገደሉ አፋፍ ወደቀች። ሞት ማለት ይህ ነው ብላ አሰበች። ራሷን ስታውቅ ቆማለች፤ ሳርትር ክንዷን ይዟታል። አንድ ጥርሷ የለም፣ አንድ ዓይኗ ተዘግቷል፣ ፊቷ እጥፍ ሆኗል። ግሬኖብል ደርሰው የወዳጃቸውን በር ሲያንኳኩ ወዳጅ ሆዬ ማን እንደሆነች ለመለየት ተቸገረች። ከሳምንታት በኋላ ፓሪስ ውስጥ አገጯ ላይ ብጉር አብጦ አስቸገራት። ተጫነችው። ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ የጠፋው ጥርሷ ነበር!

እኔ ያን ጊዜ ይህን ሁሉ ያነበብኩት እንደ ክስ መዝገብ ነው። «ይኸው! ቀድሞ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው። የራሱን ዳገት ይወጣል፤ የሌላው ጥርስ ይወልቃል» እያልኩ። በልቤ ሳርትርን ባልንጀራዬ አደረግሁት፤ እኔ ደግሞ ቦቯር ሆንኩ። ተማሪዎቼም እንደዚያው ተረድተውት ሄዱ። ይቅር ይበሉኝ።

*

በ1997 ዓ.ም. አባቴ ዐረፈ። ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አንድ ቀጭን ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። ባልንጀራዬ ነው። ከሩቅ ከተማ ሰምቶ መጥቷል። አጠገቤ ተቀመጠ። አገራችን ለቅሶ የሚባል ነገር ባይኖራት ኖሮ ስንቱ ሰው ተኳርፎ በሞተ! በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል እንደ ቀልድ ጀመረኝ፤

«ያን ጊዜ ወረታ ሳንደርስ ስንት ጊዜ እንደጠራሁህ ታውቃለህ?»

«መቼ?»

«ሜዳው ላይ ነዋ! ሰንሰለቴ ሁለት ጊዜ ወለቀ። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ሲያልቅ ተውኩት። ያ ንፋስ እኔን ምን እንዳደረገኝ አንተ አታውቅም። አዲስ ዘመን ስደርስ አንተ ሻይህን ጠጥተህ ጨርሰህ፣ ‹ምነው ዘገየህ?› አልከኝ። ከዚያም ሳልቀመጥ ‹በል እንሂድ፣ አልጋ እንፈልግ› ብለህ ተነሣህ።»

እውነት ለመናገር ምንም አላስታውስም። ሻዩን አላስታውስም፤ ጥሪውንም አልሰማሁም። እኔ የማስታውሰው የኑጉን አበባና ዘፈኔን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዳገቱን ይዤ ስኖር፣ እሱ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሜዳውን ይዞ ኖሯል።

ሳይንሱን በኋላ ነው የተረዳሁት፤ ቀላል ነው። ዳገት ላይ ጠላትህ ክብደትህ ነው፤ እያንዳንዷን ኪሎ አንተው ታወጣታለህ። ስለዚህ ቀጭን ሰው ይቀድማል። ደግሞ እውነቱን ነበር፤ ዳገት ላይ ከራስ ምት በታች ቀስ ማለት፣ በተለይ ማርሽ በሌለው ሳይክል፣ ከመፍጠን ይልቅ ያደክማል። ሜዳ ላይ ደግሞ ጠላትህ አየሩ ነው። እዚያ ጉልበት ያለው ወፍራም ሰው ይቀድማል። መፍትሔው ግን እዚያው ነበር፤ ከፊተኛው ጎማ ሥር ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። ቀስ ብዬ ቢሆን ኖሮ የኔ ሰፊ ትከሻ ለእሱ የንፋስ ግድግዳ በሆነ ነበር። ለወንድሜ ግድግዳ መሆን ስችል አቧራ ሆንኩበት።

ከለቅሶው መልስ የቦቯርን መጽሐፍ እንደገና ገለጥኩ። መጀመሪያ ሳነብ የዘለልኩት አንድ ታሪክ አገኘሁ። በዚያ በማርሴይ ዘመኗ እህቷ ልትጠይቃት ትመጣለች። አብረው ተራራ ሊሄዱ ይወጣሉ። መንገድ ላይ እህቷ ትኩሳት ይይዛታል፤ ትንቀጠቀጣለች። ቦቯር ዕቅድ አላት። እህቷን በአንድ ማረፊያ ቤት አስተኝታ፣ አውቶቡስ ጠብቂ ብላ፣ እሷ ጉዞዋን ልትጨርስ ትሄዳለች። እንግዲህ አልፕስ ላይ ኋላ የምትቀረው ሴት፣ ከአሥር ዓመት በፊት እሷው ራሷ ፊተኛዋ ነበረች! የሚደንቀኝ ግን ይህንንም ሳትደብቅ ጻፈችው። እኔ ሜዳዬን ረሳሁት፤ እሷ አልረሳችውም። የሳርትርን ቃል ደግሞ አናገኘውም፤ የራሱን ሕይወት የጻፈበት መጽሐፍ ልጅነቱ ላይ ያበቃል። ስለዚያ ዳገት የምናውቀው ኋላ የቀረችው ከነገረችን ነው።

ታሪክን የሚጽፈው አሸናፊ ነው ሲባል እንሰማለን። እኔ አሁን ተጠራጥሬአለሁ። ብዙውን ጊዜ ታሪክን የሚያስታውሰው ኋላ የቀረው ነው። ፊተኛው ምን ያስታውሳል? መልክዓ ምድሩን። ወደ ኋላ የማይመለከት ሰው ማን እንዳልደረሰ በምን ያውቃል? ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይላሉ አበው፤ አብሮት የነበረም የለም።

እስቲ ወደ ቤታችን እንመልከት። ባልየው በሥራው ሜዳ አግኝቶ ሲፈተለክ ሚስት ልጅ አዝላ ከኋላ ትጣራለች፤ አይሰማም። ልጆቹ አድገው፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ዳገት ሲይዘው «አልጠበቀችኝም» ብሎ ለሽማግሌ ይከሳል። አሜሪካ የሄደው ጓደኛና አገር ቤት የቀረው እንደዚሁ ናቸው፤ አንዱ ስልክ ያልተነሣለትን ሌሊት፣ ሌላው ያልተላከለትን ደብዳቤ ይቆጥራል። በአገር ደረጃስ? ፖለቲካችንን ልብ ብላችሁ አዳምጡት። እያንዳንዱ ወገን የሚተርከው የተተወበትን ዳገት ነው፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን ሳይስት። ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ጎማው በእርግጥ ተበስቷል፤ መንፊያው በእርግጥ አልነበረም። ግን እሱ ራሱ የቀደመበት ሜዳ በታሪኩ ውስጥ የለም። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ መንገድ ሲያወሩ አንዱ ስለ ዳገቱ፣ ሌላው ስለ ሜዳው ከሆነ መቼ ይግባባሉ?

«ታዲያ ምን ይሻላል?» ትሉኝ ይሆናል። አንዱ መፍትሔ ሁለቱንም አንድ ላይ ማሰር ነው። ለንደን ይኖሩ የነበሩት አሜሪካውያን ባልና ሚስት፣ ሠዓሊው ጆሴፍ ፔኔልና ጸሐፊዋ ኤሊዛቤት ሮቢንስ ፔኔል፣ የቾሰርን ተሳላሚዎች ፈለግ ተከትለው ወደ ካንተርቤሪ የሄዱት ሁለት ሰው በአንድ ላይ በሚነዳው ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል ነበር፤ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1885 ወጣ። በዚያ ላይ «ጠብቀኝ» የሚባል ነገር የለም፤ የአንዱ እግር ሲዞር የሌላውም ይዞራል። ግን የራስህ ምት የሚባልም ነገር የለም። እሷም ኋላ አልፕስን ስለማቋረጧ የጻፈችው በ1898 በወጣው መጽሐፍ ነው፤ ያኔ የራሷ ሳይክል ነበራት። አብሮ ለመሄድ መታሰር ግዴታ አይደለም ማለት ነው።

ሌላው መፍትሔ መጠበቅ ነው። መጠበቅም ግን ዓይነት አለው። ዳገቱ አናት ላይ ተጋድሞ የሚጠብቅ ሰው ዐርፏል፤ የሚደርሰው አላረፈም። ደራሹ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ጠባቂው አቧራውን አራግፎ «እንሂዳ!» ይላል። ይህ መጠበቅ አይደለም፤ እኔም አዲስ ዘመን ሻይ ቤት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። የጠበቀ ሰው፣ የዘገየው ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ሲጠብቅ ነው ጠበቀ የሚባለው።

ሦስተኛው የከረጢቷ ነገር ነው። ያኔ ከረጢቷን እሱ መጫኛ ላይ ስናስር ማንም አላሰበበትም። የመንገድ ሕግ ግን ግልጽ ነው፤ መንፊያው ከኋለኛው ጋር መሆን አለበት። ፊተኛው ጎማው ቢነፍስ ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ ኋለኛው ይደርስለታል። ኋለኛው ጎማው ቢነፍስ ማን ይደርስለታል? ችግሩ ግን ኋለኛው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ሜዳ ላይ እሱ ነው፣ ዳገት ላይ እኔ ነኝ።

ባልንጀራዬ ባለፈው ሰሞን ደውሎልኝ ነበር። ጉልበቱን ያመው ጀምሯል። እኔን ደግሞ ሐኪሜ ጨው አስትቶኛል። ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት ካወራን በኋላ፣

«መንገዱ ሰላም የሆነ ዕለት፣ እንደገና ጎንደር ብንሄድስ?» አለኝ።

«በሳይክል?»

«በሳይክል ነዋ! አሁን አስፋልት ሆኗል።»

ጠላ እንዳልጠጣ ጠየቅሁት። አለመጠጣቱን ማለልኝ። ጥቂት ዝም አለና፣

«ከረጢቷ ግን ማን ጋ ትሁን?» አለኝ።

«ሁለት መንፊያ ይገዛል» አልኩት።

የእኔን ገዝቻለሁ። በረንዳዬ ላይ ከአበባው ማሰሮ ጎን ተሰቅሏል። የእሱን እንደገዛ ገና አልነገረኝም።